ከዋጃ የመጣ ጥያቄ፦ ከመካ መዲና ስንት ሰዓት ነው?

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን ከቀረበ ንግግር ለኅትመት የተዘጋጀ)



የዛሬው ንግግራችን መነሻ ከራያ ቆላ፣ ከዋጃ የደረሰን አንድ ደብዳቤ ነው። ጸሐፊዋ እህታችን እንዲህ ትላለች፦ «አባባ ዘንድሮ ለሐጅ ነይተዋል። ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ጉልበታቸውም ደክሟል። ከአዲስ አበባ ጅዳ፣ ከመካ ደግሞ መዲና ስንት ኪሎ ሜትር ነው? በአየርና በየብስስ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ታናሽ ወንድሜ ይህን ስንነጋገር ሰምቶ ‹አባባ በሁለት ሰዓት የሚደርሱበትን አገር እኔ በእግሬ ብሄድ ምን ያህል ይርቀኛል?› ይለናል። ለእሱም መልስ ስጡልን።»

ጥያቄው አጭር ነው። መልሱ ግን ከቁጥር ያለፈ ታሪክ አለው። ስለዚህ በቁጥሩ ጀምረን ወደ ታሪኩ እንሻገራለን፤ በመጨረሻም ወደ ታናሽ ወንድሟ ጥያቄ እንመለሳለን፣ ኢንሻአላህ።

ቁጥሩ

ከአዲስ አበባ ጅዳ በአየር 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዛሬው ጄት አውሮፕላን ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል። የሐጅ በረራው በቀጥታ መዲና የሚያርፍ ከሆነ ርቀቱ 1,700 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ሰዓቱም ወደ ሁለት ሰዓት ተኩል ይጠጋል። ከጅዳ መካ በመኪና 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከጅዳ መዲና በአየር ከ320 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ነው።

መካ የአውሮፕላን ማረፊያ የላትም። ስለዚህ ከመካ መዲና የሚሄድ ሰው ወይ በመኪና ወይ በባቡር ነው የሚጓዘው። በመንገድ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና አውቶቡስ አምስትና ስድስት ሰዓት ሊፈጅበት ይችላል። ሁለቱን ቅዱስ ከተሞች የሚያገናኘው የሐረመይን ፈጣን ባቡር መስከረም 2011 ዓ.ም. ተመርቋል። ርዝመቱ 450 ኪሎ ሜትር፣ ከፍተኛ ፍጥነቱ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ነው። ከመካ ተነስቶ በጅዳ በኩል አድርጎ መዲና ለመድረስ ሁለት ሰዓት ተኩል አይሞላበትም።

እንግዲህ ለአባባ የሚነገራቸው ቁጥር ይህ ነው። አሁን ካርታ እንዘርጋ።

የዋጃ ቂብላ

ዋጃ በቆቦና በአላማጣ መካከል፣ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ በሚያልፈው አስፋልት ላይ ያለች ከተማ ናት። በስተ ምዕራብ የደጋው ጋራ ይታያታል፤ ዙሪያዋ የማሽላ ማሳ ነው። የዋጃ ሰው ለሰላት ሲቆም ፊቱን ወዴት ያዞራል? ወደ ሰሜን ነው። ይህ እንዲያው «ወደዚያ አካባቢ» ማለት አይደለም። ዋጃም፣ ጅዳም፣ መካም፣ መዲናም በካርታ ላይ በአንድ የኬንትሮስ መስመር አጠገብ፣ በ39ኛውና በ40ኛው ዲግሪ መካከል ይገኛሉ። ከዋጃ አንድ ገመድ ቀጥ አድርጎ ወደ ሰሜን የሚዘረጋ ሰው ቢኖር የትግራይን ተራራ፣ የኤርትራን ምድርና ቀይ ባሕርን አቋርጦ መካ ደጃፍ ይደርሳል፤ ገመዱን ቢቀጥለው ደግሞ መዲናን ያገኛል።

የገመዱ ርዝመት ከዋጃ እስከ መካ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚሁ አለካክ ከካይሮ መካ 1,300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከደማስቆም ከባግዳድም 1,400 ያህል ነው። በታሪክ ታላላቅ የሐጅ ቅፍለቶች ይነሱ የነበሩት ከእነዚህ ሦስት ከተሞች ነበር። የዋጃ ገበሬ ግን ከሦስቱም ይበልጥ ለካዕባ ቅርብ ነው!

ታዲያ ለምን ራቀው? ውድ አድማጮች፣ የዛሬው ነጥባችን እዚህ ላይ ነው። መንገድን የሚያስረዝመው ኪሎ ሜትሩ ብቻ አይደለም። በመካከል ያለው ባሕር፣ ጦርነት፣ ድንበር፣ ገንዘብና የሰው እምነት ማጉደል ነው። የሩቅ አገር ሰው ቀድሞ ሲደርስ የቅርቡ የሚቀርበት ጊዜ አለ።

የአርባ ቀን መንገድ

የደማስቆን ቅፍለት እንመልከት። ከደማስቆ መዲና 1,300 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። በግመል አርባ ቀን ገደማ ይፈጅ ነበር። ታዋቂው ተጓዥ ኢብን ባጡጣ እ.ኤ.አ. በ1326 ይህንኑ መንገድ ከቅፍለት ጋር ተጉዟል። ቅፍለቱ ብቻውን አይሄድም፤ መሪ አሚር፣ ወታደርና የታወቁ የውኃ ጉድጓዶች ነበሩት። እንደዚያም ሆኖ በጥም፣ በበሽታና በሽፍታ የሚያልቀው ሰው ቀላል አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1900 የዑስማንያው ሱልጣን ዐብዱልሐሚድ ሁለተኛ በዚሁ መስመር የባቡር ሐዲድ አስጀመሩ። ከዓለም ዙሪያ ሙስሊሞች ለሥራው ገንዘብ አዋጥተዋል። በ1908 ሐዲዱ መዲና ደረሰ። የአርባ ቀኑ መንገድ የቀናት ጉዞ ሆነ። ነገር ግን ደስታው አሥር ዓመት እንኳ አልቆየም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሐዲዱ ተደጋግሞ ተሰበረ፤ ከዚያ ወዲህ የደማስቆና የመዲና የባቡር ጉዞ እንደ ቀድሞው አልሆነም። ጦርነት አንድን መንገድ ከቀናት ወደ ሳምንታት እንዴት እንደሚመልሰው ከዚህ እንማራለን።

በመካና በመዲና መካከልም ነገሩ ተመሳሳይ ነበር። የግመል ቅፍለት አሥር ቀንና ከዚያም በላይ ይፈጅበት ነበር። የዚህ መንገድ ታላቁ ጉዞ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ622 የተደረገው ሂጅራ ነው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ከአቡበክር (ረ.ዐ) ጋር ሆነው በሠውር ዋሻ ሦስት ሌሊት ካሳለፉ በኋላ ዋናውን መንገድ ትተው በቀይ ባሕር ጠረፍ አቅጣጫ ዞረው ወደ መዲና ሄዱ። መንገድ መሪያቸው ዐብዱላህ ኢብን ኡረይቂጥ ይባል ነበር። በዚያን ጊዜ ሙስሊም አልነበረም። በክፍያ የተቀጠረ መንገድ አዋቂ ነበር። ሁለቱን ግመሎች አስቀድመው አስረከቡት፤ በቀጠሮው ቀን ይዟቸው መጣ። ቁረይሾች ለያዛቸው ሰው ትልቅ ሽልማት አቅርበው ነበር። ይህ ሰው ግን አማናውን አልበላም። ይህን ነገር ልብ በሉልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የእኛ አባቶች መንገድ

የሐበሻና የሒጃዝ መንገድ ከሐጅ መንገድነቱ በፊት የስደት መንገድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ615 የመጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮች ከመካ በሌሊት ወጥተው ሹዐይባ ከተባለው ወደብ በነጋዴ መርከብ ወደ ሐበሻ ተሻገሩ። ያኔ የመካ ወደብ ሹዐይባ ነበር። ጅዳ የመካ ወደብ የሆነችው በሦስተኛው ኸሊፋ በዑስማን (ረ.ዐ) ዘመን፣ በ26ኛው ዓመተ ሂጅራ ነው። ያን ጊዜ ባሕሩን አቋርጠው ፍትሕ ፍለጋ የመጡት እነሱ ነበሩ። ተቀባዩ የእኛ አገር ነበር።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ዘመናት ደግሞ የእኛ ሰዎች ለሐጅና ለዒልም ተሻገሩ። ታዋቂው የግብፅ ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ ቀደምት አያታቸው ከዚህ አካባቢ ተነስተው በባሕር ጅዳ፣ ከዚያም መካና መዲና፣ በመጨረሻም ካይሮ እንደገቡ ይተርካሉ። በአል-አዝሀር የጀበርቲ ተማሪዎች ማደሪያ የነበረውን ክፍል የማያውቅ የለም። የወሎ ዑለማእም በመካና በየመኗ ዘቢድ ቆይተው ዒልም ይዘው ተመልሰዋል። በራያ አና፣ በየጁ ዳና፣ ደረሳ ከየአቅጣጫው የሚሰበሰብባቸው የዒልም ቦታዎች የሆኑት በእንዲህ ያሉ ሰዎች ድካም ነው።

ከራያ የሚነሳ ሐጅ አድራጊ ሁለት ምርጫ ነበረው። አንደኛው በትግራይ አልፎ ምጽዋ መውረድ ነው። ሁለተኛው በምሥራቅ በአፋር ቆላ በኩል ከነጋዴ ጋር ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ወደ ታጁራና ወደ አሰብ አካባቢ መዝለቅ ነው። ከዚያ በኋላ የሸራ ጀልባ ነው። ከምጽዋ ጅዳ 650 ኪሎ ሜትር ያህል ባሕር አለ። ነፋስ ከረዳ ቀናት፣ ነፋስ ከጠላ ሳምንታት ይፈጃል። ሐጅ አድራጊው ስንቁን በአቁማዳ ይዞ፣ ዕዳውን ከፍሎ፣ ኑዛዜውን ተናግሮ፣ ከጎረቤቱ ጋር አውፍ ተባብሎ ነበር የሚወጣው። ቤተሰቡም ዱዓ አድርጎ የሚሸኘው እንደሚመለስ ርግጠኛ ሆኖ አልነበረም።

በኢጣሊያ ወረራ ዘመን መንገድ ተለወጠ። ከአዲስ አበባ በደሴ፣ በቆቦና በአላማጣ አድርጎ ወደ አስመራ የሚሄደው የመኪና መንገድ፣ እንዲሁም ከደሴ አሰብ የሚወስደው መንገድ በዚያ ጊዜ ተሠሩ። ወራሪው የሙስሊሙን ልብ ለማግኘት ሲል የሐጅ ጉዞን አመቻቸ። ውለታው ለአላህ ብሎ የተደረገ አልነበረም። መንገዱ ግን ከወራሪው በኋላም ቀረ፣ ሕዝቡም ተጠቀመበት።

አውሮፕላኑ ሲመጣ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው፤ ከአዲስ አበባ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ። አውሮፕላኑ ባለ ሁለት ሞተር ዳግላስ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወደ ጅዳም የኮንትራት በረራ ያደርግ ነበር። የዚያ አውሮፕላን ፍጥነት በሰዓት ከ260 እስከ 280 ኪሎ ሜትር ያህል ስለነበር ከአዲስ አበባ ጅዳ በቀጥታ ቢበር እንኳ አምስት ሰዓት ይፈጅበታል። በ1955 ዓ.ም. ቦይንግ 720 የተባሉት ጄቶች ሥራ ሲጀምሩ አምስቱ ሰዓት ወደ ሁለት ሰዓት ወረደ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሰዓቱ ያው ሁለት ሰዓት ነው።

ሰዓቱ እንዲህ ቢያጥርም መንገዱ ግን ደጋግሞ ተዘግቷል። በደርግ ዘመን ከአገር የመውጫ ፈቃድ ማግኘት ራሱ አንድ ጉዞ ነበር። ሰማዩ ክፍት ሆኖ ወረቀቱ ይዘጋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 የእስልምና ጉባዔ ድርጅት ለእያንዳንዱ አገር ከአንድ ሚሊዮን ሙስሊም አንድ ሺህ ሐጅ አድራጊ የሚል ኮታ ወሰነ። ቦታው ጠባብ፣ ሕዝቡ ብዙ ነውና ምክንያቱ ይገባናል። ይሁንና ጉልበትና ገንዘብ ያለውም ሰው ተራ መጠበቅ ግድ ሆነበት። በግንቦት 1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲነሳ የአሰብና የምጽዋ መንገድ ለእኛ ሰው ተዘጋ። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት ከሳዑዲ ውጭ ያለ ሰው ሐጅ እንዳያደርግ ሆነ። በ2013 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ጦርነት ተነሳ። የራያ ሰው እንኳን ጅዳ፣ ከአላማጣ ቆቦ መሻገር የከበደበትን ጊዜ አይቷል።

ዛሬም ቢሆን የዋጃ ሐጅ አድራጊ ጉዞ የሚጀምረው ፊቱን ከቂብላ አዙሮ ነው። በመጀመሪያ ወደ ደቡብ 600 ኪሎ ሜትር ያህል በአስፋልት አዲስ አበባ ይወርዳል። በደሴና በደብረ ብርሃን በኩል ሙሉ ቀን የሚፈጅ ጉዞ ነው። ከዚያ በአውሮፕላን ወደ ሰሜን ይመለሳል። አስፋልቱ ከሰማዩ ይልቅ ጊዜውን ይወስድበታል።

ዑለማእ ሐጅ ግዴታ የሚሆነው አቅም ላለው ነው ሲሉ አቅሙን ዘርዝረውታል። ስንቅና መጓጓዣ፣ የአካል ጤና፣ የመንገድ ሰላም፣ እንዲሁም ቤት የሚቀረው ቤተሰብ እስኪመለስ የሚተዳደርበት። በአባቶቻችን ጊዜ ፈተናው ባሕሩና በረሃው ነበር። በእኛ ጊዜ ፈተናው ወደ ገንዘቡና ወደ ወረቀቱ ዞሯል። የእርሻ በሬውን ሸጦ፣ ልጆቹን ለዕዳ ትቶ የሚሄድ ሰው ሁለት ሰዓት ቢበርም አቅም አለው አይባልም። ያልቻለ ሰው ደግሞ ከአላህ ዘንድ ተወቃሽ አይደለም። ይህን ለአባባም ለቤተሰቡም ማስታወስ እንወዳለን።

የታናሽ ወንድምሽ ጥያቄ

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ደረስን። «በእግሬ ብሄድ ምን ያህል ይርቀኛል?»

ልጄ፣ ርቀቱን ከነገርንህ መንገዱን ሳንነግርህ አንተውም። ከዋጃ ወጥተህ በአፋር በረሃ ጅቡቲ ትገባለህ። ኦቦክ ከተባለው ጠረፍ በሌሊት ጀልባ ትሳፈራለህ። ባሕሩ በጠበበበት በባብ ኤል መንደብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከየመን ጠረፍ እስከ ሳዑዲ ድንበር ደግሞ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር የሚቆጠር አገር አለ። በዚያ አገር ላይ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነት ሲነድ ኖሯል። ይህ መንገድ አባቶች ለሐጅ ከሚሄዱበት የጥንት መንገድ ጋር ይገናኛል። ልዩነቱ እነሱ ከሚያውቁት ነጋዴ ጋር ነበር የሚሄዱት፤ አንተ ስሙን ከማታውቀው ደላላ ጋር ነህ።

በሰኔ 2016 ዓ.ም. 260 ሰው የጫነች ጀልባ የመን ጠረፍ አጠገብ ተገልብጣ ቢያንስ 49 ሰው ሞቷል፣ 140 ያህሉ ወዲያው አልተገኘም። ከተሳፋሪዎቹ ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባለው የሰብዓዊ መብት ድርጅት በየመንና በሳዑዲ ድንበር ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን በድንበር ጠባቂዎች መገደላቸውን በሪፖርቱ ገልጿል። የሳዑዲ መንግሥት ክሱን አልተቀበለም። የየመን ጠረፍና የድንበሩ ተራራ ግን የስንቱን የወሎና የራያ ልጅ አስከሬን እንደያዙ እናቶች ያውቃሉ።

በድንበር አልፎ የደረሰውስ? ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ለመሄድ ሳምንታትና ወራት በእግር የፈጀበት ልጅ የተመለሰው በአውሮፕላን ነው። ስንት ሰዓት ፈጀበት? ያንኑ አባባ የሚበሩትን ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ባዶ እጁን፣ አንዳንዱም ያለ ጫማ ቦሌ ወረደ።

ስለዚህ ለጥያቄህ መልሱ ይህ ነው። ጅዳ ለአባትህ ሁለት ሰዓት ነው፤ ለአንተ በዚያ መንገድ ምን ያህል እንደሆነ የሚነግርህ ሰው የለም። ደላላው «አሥራ አምስት ቀን» ይልሃል። እሱ ግን አብሮህ አይሄድም።

እኛ ሪዝቅ ፍለጋ መውጣት ኃጢአት ነው አንልም። ነቢያትም ተሰደዋል፣ ነግደዋል። ነፍስን አውቆ ወደ ጥፋት መወርወር ግን የተከለከለ ነው። ለውጭ አገር ሥራ በ2008 ዓ.ም. የወጣ አዋጅ፣ በሕግ የሚሄዱበትም መንገድ አለ። ወረፋው ይሰለቻል፣ ወረቀቱ ይበዛል። ቢሆንም ስምህ ተጽፎ ትሄዳለህ፣ የሄድክበትም ይታወቃል። ሁለቱ ግመሎች ለመንገድ መሪው አስቀድመው መሰጠታቸውን ቅድም አንስተን ነበር። ገንዘብህን አስቀድመህ ለሰው ከሰጠህ ያ ሰው በቀጠሮው ቀን የሚመጣ፣ ለሽልማት የማይሸጥህ መሆኑን አረጋግጥ። በሂጅራ የተማርነው አንዱ ነገር ይህ ነው። መንገድ የሚያውቅና አማና የሚጠብቅ ሰው እስኪመጣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንኳ በዋሻ ጠብቀዋል።

ለቤተሰቡ ጥቂት ምክር

ለእህታችን፦ አባባ ቀድመው መዲና የሚያርፉ ከሆነ ኢሕራም የሚገቡት ከመዲና ወደ መካ ሲነሱ፣ ከነቢዩ መስጂድ አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ካለው ዙልሑለይፋ ነው። ቀድመው ወደ መካ የሚሄዱ ከሆነ ግን ከመነሳታቸው በፊት መሪያቸውን ይጠይቁ፤ ኢሕራማቸውን በእጅ ሻንጣ ይያዙ እንጂ ከሚጫነው ዕቃ ጋር አያስቀምጡት። የሚወስዱትን መድኃኒት ከሐኪም ማዘዣው ጋር አብረው ይያዙ። ከዋጃ አዲስ አበባ ያለውን መንገድ በአንድ ቀን ደክመው በማግስቱ እንዳይበሩ፣ ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብለው ይውረዱ። ከሁሉ በፊት ደግሞ እንደ ጥንቶቹ ዕዳቸውን ከፍለው፣ አውፍ ተባብለው ይውጡ። ሰዓቱ ስላጠረ ይህ ሱና አልቀረም።

ለታናሽ ወንድም ደግሞ አንድ ሥራ እንስጠው። አባቱን እስከ አዲስ አበባ እሱ ይሸኛቸው። አውሮፕላኑ ሲነሳ ሰዓቱን ይመልከት። አባባ ጅዳ ደርሰው ስልክ ሲደውሉም እንዲሁ ይመልከት። ወደ ዋጃ ሲመለስ በአውቶቡሱ መስኮት ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አፋር በረሃ እያየ ያስብበት። ከዚያ ከእናቱ ጋር ተቀምጦ ይመካከር።

አላህ የአባባን ሐጅ መብሩር ያድርግላቸው። በባሕርና በበረሃ የቀሩትን ልጆቻችንን በእዝነቱ ይቀበላቸው። በመንገድ ያሉትን ወደ ወላጆቻቸው ይመልስልን። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።